ሉሑ ሳይያዝ አይታጠብም፦ የትምህርት አቋራጭና የመምህራን ቅሬታ

መካነ ሰላም በምትገኝበት ቦረናና በአጎራባቹ አማራ ሳይንት ደጋ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመስፋፋቱ በፊት ልጆች ፊደል የሚለዩት በቤተ ክርስቲያን ሥር ባለው የአብነት ትምህርት ቤት ወይም በቁርኣን ቤት ነበር። የአብነት ተማሪ ፊደል ከቆጠረ በኋላ በመልእክተ ዮሐንስ ላይ ሆሄያቱን አንድ በአንድ ከሚለይበት ቁጥር ንባብ ይነሣና፣ በግዕዝና በውርድ ንባብ አልፎ፣ ቃላት በትክክለኛ አነሳስና አጣጣል ወደሚነበቡበት ቁም ንባብ ይደርሳል፤ ወደ ዳዊት የሚሻገረውም የየኔታውን ይሁንታ ሲያገኝ ነው። የቁርኣን ተማሪም የዕለት ትምህርቱ ሉሕ በተባለ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በቀለም ይጻፍለታል፤ ጽሑፉ ታጥቦ ሌላ የሚተካው በሼሁ ፊት በቃሉ ሲወጣው ነው። ሁለቱም ቤቶች ያለፈው ሳይጸና የሚቀጥለውን አይሰጡም።

ይህ ትምህርት በቃል ጥናት ላይ ያመዘነና ይበልጡን ለወንዶች የተከፈተ ስለነበር፣ ትምህርትን ለሁሉም ማዳረስ ፍትሕ የሚጠይቀው ሥራ ነበር፤ ችግሩ የመጣው ማዳረስ ከማቻኮል ጋር ሲምታታ ነው። ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ሲያቅድ፣ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ተቃውሞውን ከደመወዝ ጥያቄ ጋር አጣምሮ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ በመምታቱ ዕቅዱ ታገደ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተማሪዎች ንባብ ያዙም አልያዙ ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚዛወሩበት አሠራር ሰፈነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው የፕላዝማ ትምህርት፣ ማለትም በሳተላይት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚተላለፈው የእንግሊዝኛ ገለጻ፣ አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ይዞ ለመምህሩ የመክፈቻና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ይተውለት ነበር። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ገለጻው ስለማይቆምለት፣ መምህሩ ተማሪው የቱ ጋ እንደቀረ እያየ ሊመልሰው አይችልም ነበር፤ የብዙ መምህራን ምሬትም ከዚህ የመነጨ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ጦርነትና ወረርሽኝ ያደረሱት ጉዳት ባይካድም፣ በየክፍሉ ሳይጸና የታለፈው ትምህርት አብሮ ተቈጥሯል። መምህራን ሲወተውቱ የኖሩትም የቀረውን መልሶ ለማስተማር የሚበቃ ጊዜና ሥልጣን እንዲሰጣቸው ነው፤ ያልተያዘውን ጽሑፍ አጥቦ አዲስ መጻፍ እንጨቱን ያጸዳ እንደሆነ እንጂ ልጁን አያስተምረውምና።