ከመስክ የሚቆረጠው ጌጥ፦ ተፈጥሮ በሰሜን ወሎ ጥበብና ኑሮ

የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ነሐሴ 16 ቀን የሰሜን ወሎ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ረዥም ለምለም ቅጠል በወገባቸው ዙሪያ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ አደባባይ ይወጣሉ። በዓሉ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በላስታ አሸንድዬ ይባላል። በዋግ ሻደይ፣ በትግራይ አሸንዳ ነው። ወልድያ ከቆቦ፣ ከላሊበላና ከደሴ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት በመሆኗ ለሶለሉም ለአሸንድዬውም ወግ ቅርብ ናት።

የበዓሉ ዋና ጌጥ ከገበያ አይገዛም፤ ሴቶቹ ራሳቸው ከመስክ ይቆርጡታል። የጥበብ ቀሚስ ለከርሞ በሣጥን ይቀመጣል፣ ቅጠሉ ግን በጥቂት ቀን ይጠወልጋል። ለሚቀጥለው ነሐሴ ሌላ ዝናብ፣ ሌላ ቡቃያ ያስፈልጋል። ጃፓናውያን በመጋቢትና በሚያዝያ የሳኩራ አበባ ሲፈካ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ቶሎ የሚረግፈውን ውበት ያደንቃሉ። የወሎ ልጃገረድ ደግሞ የክረምቱን ልምላሜ ለብሳ ትጨፍርበታለች። ሁለቱም በዓላት ወቅቱን ጠብቀው የሚመጡ ናቸው፤ የወሎው ግን ለተፈጥሮ ይበልጥ የቀረበ ነው፣ ውበቱ ከሰው ገላ ላይ ያርፋልና።

ይህ ቅርበት በዓል እስኪመጣ አይጠብቅም። በመርሳም በወልድያም፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ቡና ሲፈላ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጤሳል። የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ለወተቱ መዓዛ ይሰጠዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳዋል። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ከወልድያ ዝቅ ያለች ሞቃታማ ቦታ ናት። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ፍራፍሬዋን ሳያይ አያልፍም።

ምድሩ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚሰማው በዜማ ነው። ከአራቱ የኢትዮጵያ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። አምባሰል ከሀብሩ በስተ ደቡብ የሚጀምረው ተራራማ አገር ነው፤ ቅኝቱን በድምጿ ካስከበሩት መካከል ማሪቱ ለገሰ በግንባር ቀደምነት ትጠቀሳለች። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። አራቱም ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ናቸው። ከጃፓን ባህላዊ ስልቶችም ባለ አምስት ድምፅ የሆኑ አሉ፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የሆነው ትዝታ አንዱ ዓይነቱ ከነዚህ ከአንዱ ጋር በድምፆቹ አቀማመጥ ይገጥማል።

በዚያው በአምባሰል የግሸን ደብረ ከርቤ አምባ አለ። አምባው የመስቀል ቅርጽ ያለው ነው፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሺህ ምእመናን ይወጡበታል። እዚህ ቅርጹን ያወጣው ጠራቢ ሳይሆን ራሱ ተራራው ነው፤ ሰው ያየውን ተቀብሎ ቀደሰው።

ሶለልና አሸንድዬ ዛሬ በመድረክና በቴሌቪዥን ጭምር ይከበራሉ፤ ይህ መልካም ነው። መድረኩን የሚያዘጋጁ የባህል መሥሪያ ቤቶችና የከተማ አስተዳደሮች ቅጠሉ ለሚበቅልበት መስክም ቦታ ይከልሉለት።