ከምድጃ ዳር ተረት እስከ ማንኩሳው በዛብህ

ተማሪ ፊደል ከቆጠረ በኋላ የአያቱን ተረት ይንቃል። እኔም ከናቁት አንዱ ነበርሁ። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ይኸው ስሕተቴ ስለ ሆነ፥ ውድ አንባብያን በትዕግሥት እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ።

በምዕራብ ጎጃም ባላገር ጅብ ሲመክር፥ ጦጣ ስትፈርድ፥ አንበሳ ሲታለል ሳይሰማ ያደገ ልጅ አይገኝም። ተረቱ ሲያልቅም ልጆች ዝም አይሉም፤ «ጦጣ በእውነት ፈረደች ወይስ አዳላች?» እያሉ ይከራከራሉ።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ከአፍ የተወለዱ ታላላቅ የልጆች መጻሕፍት አሉ። በ1862 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ካሮል የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ መምህር በኦክስፎርድ አጠገብ በጀልባ ሲጓዝ ለሦስት እኅትማማች ሕፃናት ተረት ፈጥሮ ነገራቸው። ከእነርሱ አንዷ አሊስ ጻፍልኝ ብላ ስለ ለመነችው፥ ተረቱ በ1865 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታተመ። ከዚያም ወዲህ ብዙ ደራስያን ፈለጉን ተከትለዋል።

በእኛም አገር የጎጃም ተወላጅ የሆኑት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከ10 ዓመት በኋላ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣ። የዚህ ልብ ወለድ ዋና ሰው በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ማንኩሳም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ብፅዓት ገብተው ለእግዚአብሔር ስለ ሰጡት ሚስት ማግባት አይገባውም ነበር፤ እርሱ ግን በዲማ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ወደደ። በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው፥ ፊደል ያልቆጠረውም ሕዝብ የበዛብህን ታሪክ ለመስማት በቃ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ቴዎድሮስ ካሣሁን ከዚሁ ታሪክ ተነሥቶ «ማር እስከ ጧፍ» የተባለውን ዘፈን አወጣ።

ባለፈው ክረምት መጽሐፉን ለአያቴ አነበብሁላት። ማንኩሳ የሚለውን ስም ስትሰማ አቋረጠችኝና «ቤታቸው በየት በኩል ነው?» አለችኝ። እኔም ስቄ «እማማ፥ ይህ እኮ ልብ ወለድ ነው፤ በዛብህ የሚባል ሰው አልነበረም» አልኋት። እርስዋም «ጅቡስ መቼ ተናግሮ ያውቃል? ፍርዱ ግን እውነት አልነበረም?» ብላ መለሰችልኝ። ያን ጊዜ አፈርሁ።

ከዚያ በኋላ ክርክር ተነሣ። እኔ «በሰው ሕይወት ላይ ብፅዓት ለመግባት ማን ሥልጣን ሰጣቸው?» ስል፥ እርስዋ «ልጅ ቀብረህ ስለማታውቅ ነው፤ ስለት ዕዳ ነው» አለች። ቡና ሊጠጡ የመጡትም ጎረቤቶች ለሁለት ተከፈሉ፤ በረካው አልቆ እንኳ ክርክሩ አላለቀም። በማግሥቱ ጧት ግን አያቴ ብቻዬን ጠርታ «እናትህ በታመመች ጊዜ እኔም ተስያለሁ። የተሳልሁት ግን ጧፍና ዕጣን ነው እንጂ ልጄን አይደለም» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን መጽሐፉን ከእኔ አብልጣ አንብባዋለች ብል ሐሰት አይሆንም። ታሪክን ሰምቶ መፍረድን ያስተማራት ያ እኔ የናቅሁት ተረት ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ከመበታተናችን በፊት፥ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ ተረታቸውን በደብተራችን እንጻፍ። እኔ የመጀመሪያውን ገጽ ጀምሬአለሁ።