የግርግም ከዋክብትና ፕላኔቶቻቸው

በየካቲትና በመጋቢት ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ወደ ሰማይ ቀና ብንል፥ ሸርጣን በሚባለው የከዋክብት ክፍል መካከል እንደ ጢስ የደበዘዘች ነገር እናያለን። የጥንት ግሪኮች በአጠገብዋ ያሉትን ሁለት ከዋክብት አህዮች፥ እርስዋን ደግሞ አህዮቹ የሚበሉባት ግርግም አሏት። ባለቅኔው አራጦስ የግርግምን መሰወር የማዕበል ምልክት አድርጎታል፤ ነገሩም ከንቱ ተረት አይደለም፤ ስስ ደመና አስቀድሞ የሚጋርደው ደካማውን ብርሃን ነውና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1610 ዓ.ም. ጋሊሌዎ በቴሌስኮፕ ያያትን ባስታወቀ ጊዜ፥ ጢስ የመሰለችው ከ40 የሚበልጡ ጥቃቅን ከዋክብት ሆና ተገኘች። ዛሬ ከእኛ 600 የብርሃን ዓመት ያህል የምትርቅ፥ 1000 ያህል ከዋክብት በአንድ ዘመን የተወለዱባት ጉባኤ መሆንዋ ታውቋል።

ፀሐያችንም እንዲህ ባለ ጉባኤ ተወልዳ ኋላ ከእኅቶችዋ ሳትለያይ እንዳልቀረች ሊቃውንት ያምናሉ። ስለዚህ፥ ከዋክብት በተጨናነቁበት ስፍራ ፕላኔት ተወልዶ ሊቆይ ይችላልን? የሚለው ጥያቄ የራሳችንን ምድር አመጣጥ የሚነካ ነበር። መልሱም በቀላሉ አልተገኘም። ሠውር በተባለው ክፍል የሚገኘው የሂያደስ ጉባኤ ለዓመታት ተመርምሮ፥ በ2004 የወጣው ውጤት ፀሐይን በሚመስሉት ከዋክብት አጠገብ አንድም ታላቅ ፕላኔት አለመታየቱን ገለጸ። በ2007 እዚያው አንድ ፕላኔት ቢገኝም፥ የሚዞረው ከፀሐይ እጅግ የሚበልጥና ያበጠ ኮከብ ነበር።

በመጨረሻ መልሱ የመጣው ከግርግም ነው። ሳም ክዊን የተባለ የጆርጂያ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ባልደረቦቹ፥ በአሪዞና ተራራ ላይ ባለ 1.5 ሜትር ቴሌስኮፕ 53 ከዋክብትን መረመሩ። ዘዴው ፕላኔቱን ማየት አይደለም፤ ፕላኔት ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ስለሚስበው፥ ኮከቡ ወደ እኛ ሲቀርብ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፥ ሲርቅ ወደ ቀይ በጥቂቱ ያዘነብላል። በ2012 ፀሐይን በሚመስሉ ሁለት ከዋክብት ዙሪያ አንዳንድ ፕላኔት መገኘቱ ተነገረ። የአንዱ ዓመት 4.4 ቀን፥ የሌላው 2.1 ቀን ብቻ ነው!

እንዲህ ያለ ግዙፍ ፕላኔት በእሳት አፋፍ ላይ አይወለድም፤ ከሩቅ ተወልዶ ወደ ኮከቡ ይጠጋል የሚሉ ብዙ ናቸው። የብቻ ኮከብን ዕድሜ ማወቅ አስቸጋሪ ሲሆን፥ የግርግም ዕድሜ ከ600 እስከ 800 ሚሊዮን ዓመት ስለሚገመት፥ ጉዞው ከዚያ በፊት መፈጸሙ ተረጋገጠ። በእኛ አስተያየት ከፕላኔቶቹ መገኘት ይልቅ የሚደንቀው ይኸው ነው።

በ2016 ደግሞ ከሁለቱ ከዋክብት በአንዱ ዘንድ፥ ክብደቱ ከጁፒተር 8 እጥፍ ያህል የሆነ፥ ዓመቱ ከእኛ 9 ዓመት የሚበልጥ ሌላ ፕላኔት ተገኘ፤ በከዋክብት ጉባኤ ውስጥ ለአንድ ኮከብ ሁለት ፕላኔት ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።