የሣር ማጨጃ ሞተር መዋዠቅ

የሣር ማጨጃ ሞተር መዋዠቅ፦ አነስተኛ ባለአራት ምት የቤንዚን ሞተር በሥራ ላይ እያለ ፍጥነቱ ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ የሚልበት ብልሽት። ሞተሩ ይጮኻል፣ ይደክማል፣ መልሶ ይጮኻል።

መንስኤ፦ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሞተሩ የሚገባው ድብልቅ አየር ሲበዛበትና ቤንዚን ሲያንሰው ይከሰታል። ሞተሩ ሲዳከም የፍጥነት መቆጣጠሪያው ስሮትሉን ይከፍታል፤ ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ይዘጋዋል፤ ዑደቱም ይደጋገማል። ድብልቁን ከሚያሳሱት መካከል በካርቡሬተሩ ጂግለር (ቤንዚን በሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ) ውስጥ የደረቀ አሮጌ ቤንዚን፣ ነዳጁ ውስጥ የገባ ውሃ፣ የተደፈነ የታንክ ክዳን መተንፈሻ እንዲሁም በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለ የተሰነጠቀ ጓርኒሲዮን ይገኙበታል።

ምርመራ፦ ሞተሩ እየሠራ ቾኩ (የካርቡሬተሩ አየር መግቢያ መዝጊያ) በከፊል ይዘጋል። ድምፁ ከተስተካከለ ቤንዚን እያነሰው መሆኑን ያመለክታል።

ጥገና፦ ሞተሩ ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ቀጥሎ የካንዴላው ገመድ ይነቀላል፤ ካልተነቀለ ምላጩ በእጅ ሲዞር ሞተሩ ሊነሳና ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ማሽኑ ሲዘነበል የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ዘይት ወደ ማጣሪያው ይፈሳል። ጂግለሩ በካርቡሬተር ማጽጃ ታጥቦ በአየር ግፊት ይነፋል። በመሰርሰሪያ መጎርጎር ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ አይገባም። ከጽዳት በኋላ መዋዠቁ ካልቆመ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ሞላም ይመረመራል።

መከላከያ፦ ቤንዚን ከ30 ቀን በላይ ሲቀመጥ መበላሸት ይጀምራል። ማሽኑ ለወራት ከመቀመጡ በፊት ታንኩንና ካርቡሬተሩን ከቤንዚን ባዶ ማድረግ አስተማማኙ መከላከያ ነው።