ሶሮያ በባሕሩ ዳር ያያቸው ልጆች

የእስፓኛዊው ሠዓሊ የሆአኪን ሶሮያ ስም ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለው የጠራ ፀሐይና በማዕበል ውስጥ የሚቦርቁ ሕፃናት ናቸው። በውጭ አገር ዝናውን ይበልጥ ከፍ ያደረገው ግን በዚያው በቫሌንሲያ ዳርቻ ስለ ሌሎች ልጆች የሣለው ሥዕል ነው።

አንድ ቀን ዓሣ አጥማጆችን ሲሥል፣ ከሩቅ አንድ መነኩሴ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ባሕር ውስጥ ሊያጥብ ሲያወርድ ያያል። ልጆቹ በቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር ማኅበር ሆስፒታል የሚረዱ ነበሩ። ፈቃድ ጠይቆ ሣላቸው። እ.ኤ.አ. በ1899 ያለቀው ሸራ ቁመቱ ከ2 ሜትር ያልፋል፤ ወርዱ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። መሐል ላይ በሁለት ክራንች የቆመ ራቁቱን የሆነ ልጅ አለ፤ እግሮቹ ሰልለዋል። ጥቁር ልብስ የለበሰው መነኩሴ ደግፎታል። ባሕሩ ጠቁሯል፤ የሶሮያ ባሕር አይመስልም።

ርእሱ «አሳዛኝ ውርስ» ነው። በወንጌል ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የኢየሱስ ደቀ መዛሙርት «ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ያነሡትን ጥያቄ መልሶ ያነሣል፤ ያውም ጥፋተኛው ወላጅ ነው ብሎ ደምድሞ። በዘመኑ እንዲህ ያለው ጉዳት የወላጆች ቂጥኝና መጠጥ ያመጣው ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። የመሐሉን ልጅ እግር ያየ ግን ዛሬ የሚጠረጥረው ፖሊዮን ነው፤ በሽታውን ቫይረስ እንደሚያመጣው የታወቀው ገና በ1908 ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሥዕሉ ከርእሱ ይበልጣል። መነኩሴው የማንንም ኃጢአት እየመረመረ አይደለም፤ ልጁ እንዳይወድቅ ይዞታል፣ በቃ።

ሶሮያ ራሱ የ2 ዓመት ልጅ ሳለ በ1865 እናትና አባቱን ኮሌራ ወስዶበት አክስቱና ቁልፍ ሠሪ ባሏ ያሳደጉት ነው። ይህን ከሥዕሉ ጋር ለማያያዝ አልደፍርም፤ ታሪኩን የሚያውቅ ተመልካች ግን ሊረሳው አይችልም።

ሥዕሉ በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ታላቁን ሽልማት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ሶሮያ ወደ እንዲህ ያለ ርእሰ ጉዳይ አልተመለሰም። በ1909 በኒው ዮርክ ኤግዚቢሽኑ በአንድ ወር 160 ሺህ ያህል ሰው ያጎረፉለት የብርሃን ሥዕሎቹ ናቸው። በ1910 የሣላቸው ሦስት ልጆች እርጥብ አሸዋ ላይ በደረታቸው ተኝተዋል። ጀርባቸው ላይ የሚያብረቀርቀውን ውኃ ቀረብ ብለው ቢያዩት፣ በችኮላ የተጣለ ወፍራም የነጭ ቀለም ጭረት ብቻ ነው፤ ጥላቸው ደግሞ ወይን ጠጅ። ርእሱ «ልጆች በባሕር ዳርቻ» ይላል፤ ማንንም አይከስም።