ፍላይዊልና የፍጥነት ልክ፦ ከእንፋሎት ሞተር እስከ ጎልፍ ጋሪ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በስሕተት የመለስሁት አንድ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ከጥቂት ጊዜ በፊት ስልክ ደወለልኝ። አሮጌ የጎልፍ ጋሪ ገዝቶ አንድ ሲሊንደር ያለው አዲስ የቤንዚን ሞተር ገጥሞለታል። «መምህር፣ የእንፋሎት ሞተርን ታሪክ ሲያስተምሩን ስለ ፍላይዊል ነግረውን ነበር። ጋሪው እንዲፈጥን የሞተሩን ገቨርነር ላነሣው አስቤአለሁ፤ ፍላይዊሉንም መቀየር ይኖርብኛል?» አለኝ። እኔም «ሞተሩ ትንሽ አይደለም እንዴ? ምን እንዳይመጣብህ ነው!» ብዬ ሳቅሁ። ማታ ግን ወረቀትና እርሳስ አንሥቼ ሳሰላው ሳቄ አሳፈረኝ። በማግሥቱ ደውዬ የነገርሁትን ነው ዛሬ አስፍቼ የማቀርብላችሁ።

ፍላይዊል ኃይልን በዙረት የሚያከማች ከባድ መንኮራኩር ነው። አራት ምት ያለው ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ኃይል የሚሰጠው በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በቀሩት ሦስት ምቶች ክራንክሻፍቱን እያዞረ የሚያሻግረው ፍላይዊሉ ያከማቸው ኃይል ነው። በትንንሽ ሞተሮች ላይ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ ተሰጥቶታል፤ ለካንዴላው ብልጭታ የሚያስፈልገውን ማግኔት ይሸከማል፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ ያዞራል።

ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተርን ከውኃ መሳቢያነት አውጥቶ የፋብሪካ ማሽኖችን የሚያዞር ባደረገው ጊዜ ፍላይዊል የግድ አስፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1788 ደግሞ በሁለት የሚሽከረከሩ ኳሶች የሚሠራውን ገቨርነር ጨመረበት። ፍላይዊሉ የዙረቱን መዋዠቅ ያለሰልሳል፤ ገቨርነሩ ፍጥነቱ ከልክ እንዳያልፍ ይይዛል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት አብረው ኖረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካዎች የገቨርነሩ ቀበቶ ሲበጠስ ወይም የሞተሩ ጭነት በድንገት ሲቀር፣ ሞተሩ ልጓም እንደ በጠሰ ፈረስ ይጋልብ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ቶን የሚመዝነው መንኮራኩር ተሰባብሮ ግድግዳና ጣሪያ ይበሳል፤ በአጠገቡ የተገኘውን ሠራተኛም ይገድላል።

ለምን ይሰበራል? የሚሽከረከር መንኮራኩር ጠርዝ ዘወትር ወደ ውጭ ሊበተን ይታገላል፤ የሚይዘው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ ነው። በጠርዙ ውስጥ ያለው ውጥረት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ውጥረቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚስተው ሌላም ነገር አለ። ጠርዙን ማወፈር ከዚህ ውጥረት አያድነውም፤ የተጨመረው ብረት ጥንካሬ የሚሰጠውን ያህል ክብደትም ይጨምራልና። ስለዚህ ከባድ ፍላይዊል የግድ ጠንካራ ፍላይዊል አይደለም።

የዘመኑ መሐንዲሶች ለካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ለፈሰሰ ብረት፣ አንድ ቀላል ደንብ ነበራቸው፤ የጠርዙ ፍጥነት በደቂቃ ከ1 ማይል፣ በሰከንድ ከ27 ሜትር ገደማ፣ እንዳይበልጥ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቻርልስ ቤንጃሚን በክሊቭላንድ በኬዝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ትንንሽ የካስት አይረን ፍላይዊሎችን በጠንካራ መከለያ ውስጥ እያሽከረከረ ሆን ብሎ ሰበራቸው። ጠርዛቸው ወጥ የሆነው በሰከንድ 120 ሜትር ገደማ ሲደርሱ ተበተኑ። ጠርዛቸው ተቀጣጥሎ በቡሎን የታሰረው ግን የዚያን ግማሽ ያህል ፍጥነት እንኳ በቅጡ አልቻሉም። መንኮራኩር በደካማው ቦታው ልክ እንጂ በአማካይ ጥንካሬው እንደማይለካ በዚህ ታየ። ይህ ዕውቀት ቀደም ሲል በሠራተኞች ሞት ይገኝ የነበረ ነው፤ እርሱ በመከለያ ውስጥ አገኘው።

አሁን ወደዚያች ማታ ስሌቴ ልመልሳችሁ። ብዙዎቻችን የወፍጮ ቤት ዲዝል ሞተር ድምፅ እየሰማን ነው ያደግነው። በልጅነቴ ያን ትልቅ መንኮራኩር ስለምፈራው ወደ እርሱ አልቀርብም ነበር። ዲያሜትሩ 60 ሴንቲሜትር ነው፣ በደቂቃም 650 ጊዜ ይዞራል እንበል፤ የጠርዙ ፍጥነት በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ነው። የተማሪዬ ሞተር ፍላይዊል ደግሞ 20 ሴንቲሜትር ብቻ ቢሆንና በፋብሪካው ልክ በደቂቃ 3600 ጊዜ ቢዞር፣ የጠርዙ ፍጥነት ወደ 38 ሜትር ይደርሳል። በሁለት እጅ የሚያዘው ይህ ትንሽ መንኮራኩር ከዚያ ከምፈራው መንኮራኩር ከሦስት እጥፍ በላይ ውጥረት ተሸክሟል። ገቨርነሩ ተነሥቶ ዙሩ 7200 ቢገባ ፍጥነቱ 75 ሜትር፣ ውጥረቱም የበፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

«ቤንጃሚን ከሰበረበት 120 ሜትር ገና አልደረሰም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ትርፉን ተመልከቱ። በ3600 ዙር ብረቱ ከሚሸከመው ውጥረት አሥር እጥፍ ያህል ይችል ነበር። በ7200 ዙር የቀረው ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ከዚህችም ላይ ማግኔቱ በተሰካበት ቦታ ያለው ድካም፣ የማራገቢያው ክንፎች ሥር፣ ብረቱ ሲፈስ በውስጡ የቀረ የአየር ቀዳዳ፣ የዓመታት ንዝረትና ሙቀት ይቀነሳሉ። «እኔ ሁለት ዓመት ነድቼው ምንም አልሆነም» የሚል ሰው አይዋሽም፤ ግን ስንጥቅ ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ቀን አያድግም።

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ የራሱ ታሪክ አለው። አርት ኢንግልስ እ.ኤ.አ. በ1956 በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ጎ-ካርት ሲሠራ የሣር ማጨጃ ሞተር ገጠመለት። ሃርሊ ዴቪድሰን ከ1963 ጀምሮ የቤንዚን ጎልፍ ጋሪ ማምረት ያዘ። ለሣር ማጨጃ፣ ለውኃ ፓምፕና ለጄነሬተር በ3600 ዙር አካባቢ እንዲሠራ የተበጀው ሞተር በወጣቶች እጅ የውድድር ሞተር ሆነ። በመኪና እሽቅድድም የፈነዱ ፍላይዊሎች የአሽከርካሪዎችን እግር ካቆሰሉ በኋላ፣ ለውድድር መኪኖች በፍተሻ የጸደቀ የብረት ፍላይዊልና ጠንካራ መከለያ ግዴታ ሆነ። በየጓሮው ለሚቀየረው ትንሽ ሞተር ግን እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ የለም።

ስለዚህ ለተማሪዬ የሰጠሁት ምክር ከዚሁ ታሪክ የተቀዳ ነው። ገቨርነሩ የሚነሣ ከሆነ የፋብሪካው ፍላይዊል አስቀድሞ ይውጣ፤ በምትኩም ከአንድ ድፍን ብረት ወይም አሉሚኒየም ተጠርቦ የተሠራ፣ አምራቹ ለታሰበው ዙር የፈቀደው ይግባ። ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያያይዘው ክንድና የቫልቭ ሞላዎቹም አብረው ይለወጡ። ካስት አይረንን ለማቅለል መብሳትና መላጥ ደካማ ቦታ መፍጠር ነው። አሮጌው በማውጫ መሣሪያ እንጂ በመዶሻ አይነቀል፤ ምቱ ስንጥቅ ይተዋልና። አዲሱ በክራንክሻፍቱ ሾጣጣ ጫፍ ላይ በንጽሕና ይግጠም፤ ዳዶው በአምራቹ ልክ ይጥበቅ። ፍላይዊሉን የሚይዘው ይህ ጥብቀት ነው፤ በመካከል ያለችው ትንሿ ቁራጭ ብረት ሥራዋ የብልጭታውን ሰዓት ማስተካከል ነው። የማራገቢያው ሽፋን በቦታው ይኑር፣ የዙር ገዳቢም ይግባ። ከሁሉም በላይ ፍሬኑና መሪው የጋሪውን አዲስ ፍጥነት ይችሉ እንደሆነ ይመርመር።

ተማሪዬ ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ «መምህር፣ ከመቀመጫው ሥር እኮ ነው ሞተሩ ያለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼ ይቀመጡበታል» አለኝ። ትናንት ይህን ሳልጠይቀው መሳቄን አሁንም አልረሳሁትም። ገቨርነሩን እንዳላነሣው በኋላ ነግሮኛል። ያነሣው ቢሆንም ባልኮነንሁት ነበር፤ ዋት ራሱ የተሰጠውን ሞተር ያሻሻለ ሰው ነው። ከእንግዲህ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ የሞተሩን ትንሽነት አላነሣም። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞርና በአጠገቡ ማን እንደሚቀመጥ እጠይቃለሁ።