ቮልቩለስ
ሐኪሞች «ቮልቩለስ» የሚሉት የአንጀትን መጠማዘዝ ነው። በትልቁ አንጀት ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚዞረው ከፊንጢጣ በላይ ያለው፣ ሲግሞይድ የሚባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከመጠን በላይ ረዝሞ፣ ሆድ ውስጥ አንጠልጥሎ የሚይዘው ስስ ሽፋን ሥሩ ሲጠብ በቀላሉ ይዞራል፤ ያኔ መተላለፊያውም የደም ሥሩም አብረው ይታነቃሉ። በአገራችን ሆስፒታሎች የተለመደ በሽታ ነው፤ በይበልጥም ወንዶችን ያጠቃል።

ቤተሰብ «ሆድ ድርቀት ነው» ብሎ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሲሰጥ ውድ ሰዓት ያልፋል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በቮልቩለስ ግን ሰገራ ብቻ ሳይሆን ፈስም ይቆማል፣ ሆድም ክፉኛ ይነፋል። ማስመለስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ምርመራው በተራ የሆድ ራጅ ሊጀመር ይችላል። በአየር የተወጠረው አንጀት ታጥፎ፣ ሁለቱ ጎኖቹ ተጣብቀው፣ መሐሉ ላይ መስመር ያለበት ግዙፍ የቡና ፍሬ መስሎ ከዳሌ ወደ ላይ ይወጣል። ስሙም «የቡና ፍሬ ምልክት» ነው። ራጁ ካልለየው ሲቲ ስካን ጥምዝማዙን ራሱን ያሳያል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው አንጀቱ በሕይወት አለ ወይ የሚለው ነው። ትኩሳት፣ ሲነካ የሚያምና የጠጠረ ሆድ፣ በፊንጢጣ የሚወጣ ደም ካለ ቀዶ ጥገናው ለነገ አይባልም። ከሌለ በፊንጢጣ ቱቦ ገብቶ አየሩ ይለቀቃል፣ ታማሚውም ወዲያው ይቀለዋል። ሕመሙ ግን ተመላልሶ ስለሚመጣ፣ የረዘመው ክፍል በቀዶ ጥገና እንዲወጣ ይመከራል።